መሣሪያው በነፃ፣ ሙያው በዋጋ

የፋሲል ግንብ ተሽጧል። ድንጋዩ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ የበሩ ቁልፍም ከጠባቂው እጅ ሳይወጣ ነው የተሸጠው። እ.ኤ.አ. በ2015 መገባደጃ ላይ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የተሰኘው ስመ ጥር የኮምፒዩተር ጌም «አፍሪካን ኪንግደምስ» የሚል ተጨማሪ ክፍል ለገበያ ሲያቀርብ፣ ከጨመራቸው አራት ሕዝቦች አንዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ ሕዝብ ሀብቱን አሟጦ የሚያቆመው አንድ ታላቅ ሕንፃ አለው፤ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በጎንደሩ የአፄ ፋሲለደስ ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ ነው። ተጫዋቹ በያለበት አገር ተቀምጦ ግንቡን ያንፃል፣ ጠላት ሲመጣበት ይከላከልለታል፣ ዋጋውን ግን የሚከፍለው ለውጭ ኩባንያ ነው። «ሲቪላይዜሽን» የተባለው ሌላው ጌም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2012 አፄ ኃይለ ሥላሴን፣ በ2020 ደግሞ አፄ ምኒልክን መሪ አድርጎ ኢትዮጵያን አቅርቧል።

ይህን ስርቆት ሊለው የሚችል የለም። ግንቡ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ የቅጂ መብት የሚጠየቅበት ዘመን አልፎታል፤ የፈለገ ሁሉ ሊሥለው ይችላል። ጥያቄው ሌላ ነው። ግንቡን በየቀኑ በመስኮቱ የሚያየው የጎንደር ወጣት ለምን ቀድሞ አልሣለውም? ለረጅም ጊዜ መልሱ አንድ ነበር፦ የግራፊክስ መሣሪያው ውድ ነው፣ ዶላር ይጠይቃል፣ ዶላር ደግሞ የለም። ይህ መልስ ዛሬ አይሠራም። ለጌም የሚሆን ሥዕል የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በነፃ ከሚገኙበት ደረጃ ደርሰዋል። ውድ ሆኖ የቀረው የሠሪው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህም በዚህ ገበያ ገንዘብ ማዋል የሚሻ ባለሀብት ገንዘቡን በጊዜ ላይ እንጂ በሶፍትዌር ላይ ማፍሰስ አይገባውም።

የወለቃ ሒሳብ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ወለቃ ትገኛለች። ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባትና በሸክላ ሥራቸው ያስጠሯት መንደር ናት። ከማሰሮና ከጀበናው ሌላ፣ ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ የሸክላ ምስሎችም ወጥተውባታል። የሸክላ ሠሪዋ ሒሳብ ለማንም ነጋዴ ግልጽ ነው። አፈሩ ከመሬት ይቆፈራል፣ ማገዶው ይለቀማል ወይም ይገዛል፤ ገዢው የሚከፍለው ግን ለአፈሩ ሳይሆን ለእጇ ነው። አፈሩ በነፃ ስለተገኘ ጀበናው በነፃ አይሰጥም።

የጌም ግራፊክስ ገበያም ወደዚሁ ሒሳብ ገብቷል። ብሌንደር የተባለውን ሶፍትዌር እንመልከት ቢባል፣ ሰውንም፣ ሕንፃንም፣ እንስሳንም በባለሦስት ገጽታ ቅርጽ ለመሥራትና ለማንቀሳቀስ ያገለግላል። ባለቤቱ የነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲዘጋ፣ ሠሪው ሆላንዳዊው ቶን ሮዘንዳል ከተጠቃሚዎች 100,000 ዩሮ አሰባስቦ መብቱን አስለቀቀና ለሕዝብ ክፍት አደረገው። ከዚያ ወዲህ ማንም ያለክፍያ ይጠቀምበታል። በዚሁ መሣሪያ የተሠራው የላትቪያ ፊልም «ፍሎው» እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካርን የአኒሜሽን ሽልማት ወስዷል። «በነፃ መሣሪያ የተሠራ ነገር ደረጃውን አይጠብቅም» የሚለው ሐሜት በዚያ ምሽት ተዘግቷል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ፎቶግራፍና ሥዕል ለማስተካከል ጊምፕ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ሁለት ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ለአርማ፣ ለቁልፍ ምልክትና እያደገ ለሚሄድ መስመራዊ ሥዕል ኢንክስኬፕ፣ በብሩሽ እንደሚሣል አድርጎ ለመሣል ክሪታ፣ በጥቃቅን ካሬዎች ማለትም በፒክስል ለሚሠራ ሥዕል ደግሞ ሊብረስፕራይት ይገኛሉ። ሥዕሉን ወደ ጌምነት የሚቀይረው ሞተር፣ ጎዶ፣ በአርጀንቲናውያን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ከተሸጠው ጌም ላይ ድርሻ አይጠይቅም። በስልክ ከተነሱ ብዙ ፎቶግራፎች የአንድን ግንብ ባለሦስት ገጽታ ቅርጽ የሚያወጣው ሜሽሩምም በነፃ ይገኛል፤ እርሱ ግን ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዶላሩ እንምጣ ለሚል አንባቢ ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ፎቶሾፕን የሚሸጠው አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ጊዜ ከፍሎ የግል ማድረግን ትቶ ወደ ወርና ወደ ዓመት ኪራይ ዞሯል። እንበልና አንድ ሶፍትዌር በወር 20፣ በዓመት 240 ዶላር ይከፈልበታል። የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ኪራዩ 13,680 ብር ይሆን ነበር ማለት ነው። ዓመት ሳይሞላ ዶላሩ ከ130 ብር አለፈ፤ ያው ኪራይ 31,200 ብር ሆነ። ሠሪው አንድ መስመር እንኳ ሳይጨምር ወጪው ከእጥፍ በላይ አደገ። ነፃውን መሣሪያ የያዘው ግን የምንዛሪውን ዜና በሬዲዮ ሰምቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የኔትወርኩም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በኪራይ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ክፍያው መፈጸሙን ለማጣራት በየጊዜው ከእናት ድርጅታቸው ጋር በኢንተርኔት መገናኘት ይፈልጋሉ። ብሌንደርና ጎዶ ግን አንድ ጊዜ በፍላሽ ከተገለበጡ ከማንም ፈቃድ አይጠይቁም። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይዞት የመጣው ቅጂ ለአንድ ሙሉ ክፍል ተማሪ ይበቃል፤ ማባዛቱም በፈቃድ ውሉ የተፈቀደ እንጂ ድብቅ ሥራ አይደለም።

«ክራክ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ። ቁልፉ ተሰብሮ የሚገለበጠው ፎቶሾፕ በየኮምፒዩተር ቤቱ እንደሚገኝ የታወቀ ነው። ነገር ግን በተሰረቀ ቆርቆሮ የተሠራ ሱቅ ለባንክ ዋስትና አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ ይሰጣል፤ የውጭ ጌም አሳታሚም ውል ከመፈረሙ በፊት ሥራው በምን እንደተሠራ ሊጠይቅ ይችላል። ከክራኩ ጋር አብሮ የሚገባው ቫይረስ የስድስት ወር ሥራ ሲበላም ካሣ የሚከፍል የለም። ነፃና ሕጋዊ የሆነ መሣሪያ በአጠገብ እያለ የተሰረቀውን መምረጥ የንግድ ብልሃት አይደለም።

«ነፃ» ስንት ዓይነት ነው?

ነጋዴ «በነፃ» የሚል ቃል ሲሰማ ይጠረጥራል፤ መጠርጠሩም ደግ ነው። በዚህ ገበያ ነፃ ማለት ስጦታ ሳይሆን ውል ነው፤ ውሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ኪሣራ የሚመጣውም ከመሣሪያው ሳይሆን ይህን ካለማንበብ ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያውና የመሣሪያው ፍሬ ይለያያሉ። ብሌንደር ነፃ ስለሆነ በብሌንደር የተሠራው የፋሲል ግንብ ነፃ አይሆንም፤ የሠሪው ንብረት ነው፣ ሊሸጠውም ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ተሠርቶ የተዘጋጀ ሥዕል ነው። ጌም ሠሪዎች ዛፉንም፣ ሰይፉንም፣ ግድግዳውንም ሁሉ ከባዶ አይሥሉም፤ ከተዘጋጀው ይወስዳሉ። ሆላንዳዊው ኬኒ በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ዓይነት ሥዕሎችን «ሲሲ ዜሮ» በሚባለው ፈቃድ ለቅቋል፤ ያለምንም ግዴታ ለንግድም ጭምር ይወሰዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው ኦፕን ጌም አርት የተባለ የሥዕል ማከማቻ ደግሞ የብዙ ሰዎችን ሥራ ከልዩ ልዩ ፈቃድ ጋር ይዟል። «ሲሲ ባይ» ከሆነ የሠዓሊውን ስም መጥቀስ ግዴታ ነው። «ኤስኤ» የሚል ከተጨመረበት ከሥዕሉ ተቀድቶ የተሻሻለውም በዚያው ፈቃድ መለቀቅ አለበት። «ኤንሲ» ካለበት ለንግድ አይውልም፤ አለቀ። «ኤንሲ» የሆነ አንድ ዛፍ የገባበትን ጌም የገዛ ባለሀብት፣ ካርታው ያልጠራ ቤት የገዛ ሰው ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሥዕሉ ከማን፣ መቼ፣ በምን ፈቃድ እንደተወሰደ በአንድ ደብተር ይመዝገብ፤ ደብተሩ የሌለው ሥራ አይገዛ።

ሦስተኛው ነፃ መስሎ ኪራይ የሆነው ነው። ዩኒቲ የተባለው የጌም ሞተር ለጀማሪዎች ያለክፍያ ይሰጥ ስለነበር በዓለም ዙሪያ ብዙዎች ሥራቸውን በእርሱ ላይ አቆሙ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ድርጅቱ ሽያጩ ከተወሰነ መጠን ያለፈ ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። ጌም ሠሪዎች አመፁ፤ ዓመት ያህል ቆይቶ በ2024 ዕቅዱ ተሰረዘ። ዕቅዱ ይሰረዝ እንጂ ትምህርቱ ቀርቷል፦ ቤቱ የሌላ ሰው ከሆነ ኪራዩን የሚወስነውም ሌላ ሰው ነው። ብዙዎች ያን ጊዜ ወደ ጎዶ የዞሩት ስለዚህ ነው።

አራተኛው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚወጣው ሥዕል ነው። በደቂቃ ብዙ ይወጣል፣ ዋጋውም ምንም ያህል ነው። ነገር ግን የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ የሰው ድርሰት የሌለበትን ሥራ እንደማይመዘግብ ገልጿል። ማንም ሊገለብጠው የሚችል ዕቃ ለመሸጥ ገንዘብ ማውጣት ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው። ለረቂቅና ለሐሳብ ማመንጫ ቢያገለግል እንጂ፣ ሸቀጡ ራሱ ሊሆን አይገባም።

የጎንደር እጅ

መሣሪያው ከተገኘ፣ ውሉም ከተነበበ የሚቀረው ሙያ ነው። ጀማሪ ጌም ሠሪ በብዙው የሚወድቀው ከአቅሙ በላይ ስለሚመኝ ነው። የውጭውን የመቶ ሚሊዮን ዶላር ጌም አይቶ ያንን ለመሥራት ይነሳል፤ ከሦስት ወር በኋላ ግማሽ ፈረስና ሩብ ግንብ ይዞ ይቀራል። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ምክር በተቃራኒው ነው፦ ትንሽ ሸራ፣ ጥቂት ቀለም፣ አንድ የብርሃን አቅጣጫ። 16 በ16 ወይም 32 በ32 ፒክስል የሆኑ ካሬዎች በቅጡ ከተሠሩ እንደ ወለል ንጣፍ እየተደጋገሙ ሙሉ ከተማ ይሠራሉ። ከ16 የማይበልጡ ቀለሞች አስቀድመው ተመርጠው ሥራው ሁሉ በእነርሱ ብቻ ከተሠራ፣ የሁለት ሰው እጅ እንኳ የአንድ ሰው ይመስላል። ገጸ ባሕሪው መጀመሪያ በጥቁር ጥላ ብቻ ይሣል፤ በጥላው ካልታወቀ ቀለምና ጌጥ አያድነውም።

እዚህ ላይ ጎንደር ከማንም አታንስም። እንዲያውም ይህ ትምህርት በጎንደር በግድግዳ ላይ ተሥሎ የኖረ ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚሉት ደማቅና ጥላ አልባ ቀለም፣ ጠንካራ የመስመር ዙሪያና ባዶ መደብ ያለው ነው። ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ደግሞ ጥላን ጨምሮ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ወደ ቀይ የሚሸጋገር መደብ አመጣ። ለስልክ የሚሆን ጌም የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፦ ጥቂት ቀለም፣ ደማቅ መስመር፣ ከሩቅ የሚታወቅ ፊት። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሰደሩት የመላእክት ፊቶች አንዱ ካሬ በጥበብ ተደጋግሞ ሙሉ ሰማይ እንዴት እንደሚሸፍን ለማሳየት ከማንኛውም የውጭ ትምህርት ይበልጣሉ። በባህላዊው ሥዕል ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ ተገልጦ ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይታያል። ተጫዋቹ በሩብ ሰከንድ ወዳጅና ጠላት መለየት ለሚኖርበት ጌም ከዚህ የተሻለ ደንብ በቀላሉ አይገኝም።

ደጋውም የራሱ ሀብት አለው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በነፃ ከሚገኙት የተዘጋጁ ሥዕሎች ውስጥ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት፣ ጥድና ተኩላ ሞልቷል፤ የጭላዳ ዝንጀሮ አካሄድ፣ የዋልያ ቀንድ፣ የጅባራ ዛፍና የግንቡ ክብ ማማ ግን ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። የደባርቅ አስጎብኚ ጭላዳ ጠዋት የት ገደል ጫፍ ላይ ፀሐይ እንደሚሞቅ ያውቃል። ሳንቃበር ላይ በስልክ የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ምስል፣ ፍሬም በፍሬም እየታየ ከስድስት እስከ ስምንት ሥዕል ሆኖ ሲገለበጥ፣ የዝንጀሮው እርምጃ ይወጣል። ይህን ሸቀጥ ሌላው በአውሮፕላን መጥቶ ካልሆነ በቀር ሊሠራው አይችልም፤ የጎንደሩ ግን በአውቶቡስ ይደርሳል። ቅርሱንና ፓርኩን ለንግድ መቅረጽ ሲታሰብ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ፊደሉም የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። የውጭ ፎንት ግዕዝን ስለማይዝ ጌሙ ሲከፈት በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ መፍትሔው ተገኝቷል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች በነፃ የሚሰጡ፣ ለንግድ ጌም ውስጥም ሊገቡ የሚፈቀዱ ናቸው፤ የሚከለከለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። በፒክስል ለሚጽፍ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ላቲን 26 ፊደል ይዞ በ8 ፒክስል ቁመት ይነበባል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 ይሆናሉ፤ «ሁ»ን ከ«ሂ» የሚለየው ቅጥያም በ8 ፒክስል ውስጥ ይጠፋል። ወደ 16 ፒክስል ከፍ ማለት ያስፈልጋል። በጥሩ እጅ የተሠራ የፒክስል ፊደል ራሱ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን ልብ ያለ ሰው ጥቂት ነው።

ካፒታሉ ጊዜ ነው

ጊዜ ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮኒ «ስታርዲው ቫሊ» የተሰኘውን የእርሻ ጌም ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ጽሑፉንም ብቻውን ሠራ። የሣለበት ሶፍትዌር ፔይንት ዶት ኔት የተባለ፣ በነፃ የሚሰጥ ነው። የፈጀበት ጊዜ ግን አራት ዓመት ተኩል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትያትር ቤት በግማሽ ቀን እየሠራ፣ የፍቅር ጓደኛውም ገቢ እየደገፈው ኖረ። ጌሙ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ወጥቶ እስከ 2024 መጨረሻ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ለሶፍትዌሩ የወጣ ምንም የለም ማለት ይቻላል፤ ወጪው የአራት ዓመት ተኩል ቀለብ ነበር። ያንን ቀለብ ማን ከፈለ የሚለው ነው የባለሀብት ጥያቄ።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ጌም እንዲህ ይሸጣል ማለት አይደለም። ብዙው አይሸጥም። በአገር ውስጥም መንገዱን የጀመሩ አሉ። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን፣ ዶሮ የምትሮጥበትን የስልክ ጌም እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥቶ ተሸልሞበታል፤ ቆይቶም ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል። መንግሥት በሐምሌ 2024 የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ፕሮግራም መጻፍን ለብዙ ወጣት እያዳረሰ ነው። የጎደለው ሠዓሊው ነው። ኮድ የሚጽፍ ተማሪ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል፤ በብራናና በሸራ ላይ መልአክ የሚሥል እጅም በከተማው አለ። ሁለቱ አይተዋወቁም። የጎብኚ ገበያ በጦርነትና በጸጥታ ችግር ሲቀዘቅዝ ሠዓሊው ሥራ ፈታ፤ ተማሪው ደግሞ ከአውሮፓ የተወሰደ ቤተ መንግሥት በጌሙ ውስጥ ይደረድራል። ሻጭና ገዢ ማገናኘት ሙያው የሆነ ደላላ ይህን ክፍተት ሳያይ መቅረቱ ያስገርማል።

ገንዘቡ እንዴት ይዋል ለሚል ባለሀብት የሚበጀው በትንሹ መጀመር ነው። ሕንፃ መከራየት፣ አርባ ኮምፒዩተር መደርደር፣ ትልቅ ሰሌዳ መስቀል አያስፈልግም። አንድ ሠዓሊ፣ አንድ ኮድ ጸሐፊ፣ ሁለት ደህና ኮምፒዩተር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪና የስድስት ወር ደመወዝ ይበቃል። ከስድስት ወር በኋላ መረከብ ያለበት «ታላቁ ጌም» አይደለም። አንድ በስልክ የሚጫወቱት ትንሽ ጌምና አንድ የጎንደር ሥዕሎች ስብስብ ይሁን፦ የግንቡ ግድግዳ፣ በር፣ ማማ፣ የጥምቀት ጥላ፣ ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ጅባራ። ጌሙ ባይሸጥ እንኳ ስብስቡ ለሌሎች ጌም ሠሪዎች ይሸጣል፤ ለሆቴል ማስታወቂያ፣ ለአስጎብኚ ድርጅት፣ ለትምህርት ቤት መማሪያም ይውላል። የከሰረ ጌም ሥዕሉን አያከስርም።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር። አንደኛ፣ የተጠናቀቀው ሥዕል ብቻ ሳይሆን ሊታረም የሚችለው ዋናው ፋይል ለማን እንደሚሆን። ሁለተኛ፣ ሠዓሊው በደመወዙ ላይ ከሽያጩ ስንት እጅ እንደሚያገኝ፤ ድርሻ የሌለው እጅ ሲማር ጥሎ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ከላይ የተባለው የፈቃድ ደብተር የክፍያ ቅድመ ሁኔታ እንዲሆን። የመሸጫ መደብሩም ዋጋ ይታወቅ። ጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር፣ ስቲም በየጌሙ 100 ዶላር ይጠይቃሉ፤ ኢች የተባለው ያለክፍያ ያሰቅላል። ከውጭ የሚመጣው ዶላር በየትኛው ባንክ፣ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ ሥራው ከማለቁ በፊት እንጂ ካለቀ በኋላ አይጠየቅም።

«ጨዋታ ሥራ አይሆንም»

ሽማግሌው ነጋዴ የሚለው ይታወቃል። ጌም ልጅ ያበላሻል፣ ጌም ቤት ትምህርት ያስጥላል፣ ጨዋታ ሥራ አይሆንም። ስለ ጌም ቤቱ ሊሉት የሚችሉት አለ፤ ሲጫወት የሚውል ልጅ ገንዘቡን ከፋይ ነው። ጌም የሚሠራ ግን ገንዘቡን ተቀባይ ነው። ሁለቱን በአንድ ማየት ጠጅ የሚጠጣውንና ጠጅ የሚጥለውን አንድ እንደማድረግ ይቆጠራል።

ጨዋታስ ቢሆን ለጎንደር እንግዳ ነው ወይ? እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አጠገብ ቆስሎ የሞተው የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን ስለ ሰንጠረዥ አጨዋወት ጽፎ ትቷል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ስለ ሰንጠረዥና ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከዓለም የሚለየው በመክፈቻው ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ ይጀመራል። ይህን ደንብ ይዞ የሚወጣ የስልክ ጌም ለውጭ ተጫዋች አዲስ ነገር ነው፤ ደንቡም የማንም የግል ንብረት አይደለም። ገበጣው ወደ ስልክ ገብቷል፤ ሰንጠረዡ በጎንደር ሥዕል ተሥሎ እስኪገባ ይጠብቃል።

ሌላው ተቃውሞ የሚመዝን ነው። ሰሊጥ ከመተማ ጭኖ የሚሸጥ ሰው ትርፉን በወራት ያያል፤ ለጌም የወጣ ብር ግን መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። እውነት ነው። ስለዚህ የሰሊጡ ካፒታል ወደ ጌም ይዙር የሚል አይኖርም። ነገር ግን ሰሊጡ በመንገድ መዘጋት ይቆማል፣ በዝናብ ይበላሻል፣ በኬላ ይቀረጣል። ሥዕሉ በፍላሽ ይጫናል፤ ኔትወርክ በተገኘበት ቀን ድንበር ያልፋል። ከትርፉ ጥቂቱን መንገድ ለማይዘጋው ዕቃ ማዋል አደጋን መከፋፈል ነው፤ ይህን ደግሞ የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል።

የፋሲል ግንብ እንግዲህ አንድ ጊዜ ተሸጧል፤ ገዢውም ወዶታል። ሌላ ኩባንያ ነገ ጭላዳውን፣ ከነገ ወዲያ ጥምቀቱን ቢሥል የሚከለክለው የለም፤ መሣሪያው ለእርሱም ነፃ ነው። ልዩነቱ ለእርሱ ሠዓሊዎች ደመወዝ የሚከፍል ሰው መኖሩ ብቻ ነው። ነፃ መሣሪያ ለሁሉም እኩል የሚወርድ ዝናብ ነው፤ የሚያጭደው ግን አስቀድሞ ያረሰው ነው። የጎንደር ባለሀብት የሁለት ሰው የስድስት ወር ቀለብ መክፈል ካልደፈረ፣ የከተማውን ሥዕል ከውጭ በዶላር የሚገዛበት ቀን ይመጣል።